ሰባት ተራ የቀረበበት ራት

ጥቅምት 9 ቀን 1975፣ ቴፒ

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ባየ ቢሮው አስጠራኝ። "ተቀመጪ" አለኝ። በዚህ እርሻ ልማት የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም። የወንድሜ የሙሴ መታሰር ወሬ እዚህ ደረሰ ብዬ ነበር።

የጠራኝ ለሌላ ጉዳይ ነው። ኅዳር 18 አዲሱ የቡና ማጠቢያ ይመረቃል። ከወዳጅ አገር ስድስት ልዑካን ይመጣሉ፤ ከአዲስ አበባም፣ ከአውራጃውም ባለሥልጣኖች ይኖራሉ።

"ጅማ ግሪኮቹ ሆቴል ስትሠሪ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየገባ ሰባት ተራ ራት ታቀርቡ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው ጓድ።"

"እዚህስ ይቻላል?"

"ዕቃው ከተገኘ ይቻላል" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ። ሆቴሉ ከተወረሰና ባለቤት የነበረችው ግሪካዊት ማዳም አገሯ ከገባች ወዲህ ለእንግዳ የሠራሁት ቀይ ወጥና ስፓጌቲ ብቻ ነው። ወደ ወጥ ቤት ስመለስ እንደ ልጅ እየፈጠንኩ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ነው።

ሙሴ ከታሰረ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ራት ደስ ይለኛል።


ጥቅምት 12

ሾፌሩ ሸምሱ ከሚዛን ተፈሪ ደብዳቤ አመጣልኝ። የጻፈችው የሙሴ ሚስት የምሥራች ናት። "እትዬ፣ ሙሴ ክፉኛ ያስለዋል። ስንቅ ሳቀብል በሩቁ አየሁት፤ አንገቱ ቀጥኗል። አንቺ ከትልልቅ ሰዎች አጠገብ ነሽ፤ አንድ ቃል ተናገሪለት" ትላለች።

አጠገብ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የማውቀው ሳህናቸውን ነው፤ እሱንም በልተው ሲመልሱት።

ወንድሜ የሠረቀው ነገር የለም። ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲዘምሩ ያዟቸው፤ ሰብሳቢው እሱ ነው ተባለ። እናታችን ስትሞት ገና ጡት የጣለ ሕፃን ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጅማ ወጥ ቤት የተቀጠርኩትም እሱን ለማስተማር ነው። ዝም በል ብዬው ነበር። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! በልብህ ጸልይ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ብዬዋለሁ።

መልስ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ። ሸምሱ ቸኮለ። በሚቀጥለው ሲሄድ እልክላታለሁ።


ጥቅምት 17

ጓድ ባየ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። መጋገሪያ ፎርኖውን አየ፣ ሳህኖቹን ቆጠረ፣ ደግሞ በር ላይ ቆመ።

"ሚዛን ከታሰሩት ጴንጤዎች መካከል ያንቺ አገር ሰው አለ አሉ። ሙሴ የሚባል። ታውቂዋለሽ?"

"የሰፈር ልጅ ነው። በዓይን አውቀዋለሁ።"

"እሺ" ብሎ ሄደ።

ሌላ ምን እል ነበር? ሎሚ የምትባለው አስተናጋጅ እዚያው ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች። ከሥራ ብባረር ለሙሴ ስንቅ የሚልክለት ማነው? እንደዚያ ማለቴ ለሱም ይበጃል። አስቤ ነው ያልኩት።

አስቤ አይደለም። እንዲያው አፌ ላይ መጣ።


ጥቅምት 18

ሸምሱ ሄዷል። ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ሥራ በዛ።


ጥቅምት 24

የሰባቱ ተራ ዝርዝር አለቀ፤ ለጓድ ባየ አስነበብኩት። መጀመሪያ የጫካ እንጉዳይ ሾርባ፣ ቀጥሎ የወንዝ ዓሣ በቅቤ። ሦስተኛው በእጄ ዳምጬ የምቆርጠው ፓስታ ነው። አራተኛው ላይ ማዳም ሁልጊዜ የሎሚ በረዶ ታቀርብ ነበር፤ ምላስ እንዲያርፍ። እዚህ በረዶ የለም። የቴፒን አናናስ በስሱ ቆርጬ ዝንጅብል ጣል አደርግበታለሁ። አምስተኛው የጥጃ ሥጋ ነው፤ እርሻው ውስጥ ከሚበቅለው ቁንዶ በርበሬ እርጥቡን ወቅጬ በማባያ ሶስ፣ ከጎኑ ተቀቅሎ የተፈጨ ጎደሬ። ስድስተኛ ሰላጣ። መጨረሻ ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራው ጣፋጭ ክሬም ካራሜል፣ በማሻ ነጭ ማር።

"ጎደሬ?" አለ ጓድ ባየ። "የገበሬ ምግብ ለልዑካን?"

"ከቅቤና ከወተት ጋር ሲመታ ድንች ያስንቃል።"

"ያንቺ ኃላፊነት ነው" ብሎ ፈረመ።

ማታ በሕልሜ ሙሴን አየሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። በሕልሜ ያየሁት ክሬሙ ሲፈርስብኝ ነው።


ጥቅምት 29

ሎሚን አገልግሎት አስተምራታለሁ። ሳህን በግራ፣ መጠጥ በቀኝ። የሸኮ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፣ እጇ ግን ብልህ ነው። ሹካዎቹን ስደረድር ቆጠረቻቸው።

"ለአንድ ሰው ነው ይሄ ሁሉ?"

"ለአንድ ሰው ነው።"

"ሰባት ጊዜ የሚበሉት፣ አይጠግቡም እንዴ?"

"ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ነው። ለጥጋብ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድነው?"

ማዳምን ጠይቄያት አላውቅም። "ለክብር ነው" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት አልመሰለኝም።


ኅዳር 3

ዝናቡ አላቆም አለ። የማሻ መንገድ ተቆርጧል፤ ማሩ አልደረሰም። ፎርኖው በሩ አይገጥምም፣ በጭቃ ለጥፌ ሞከርኩት። ዓሣው ቃል ብቻ ነው። ሁለት ክሬም ተበላሸ። እንቁላል፣ እንቁላል፣ እንቁላል። የምሥራች ሌላ ደብዳቤ ላከች። አላነበብኩትም፤ አሁን ባነበው እጄ ይፈታል።


ኅዳር 8

ይህን ማለዳ ላይ እጽፋለሁ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጥበቃው ሠራተኛ መጥቶ "ሴትዮ ትፈልግሻለች" አለኝ። ወጣሁ። የምሥራች ናት። ልጇን አዝላ በሸምሱ መኪና ጭነት ላይ ተቀምጣ መጥታለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከቢሮው በረንዳ ላይ ጓድ ባየና ከአውራጃ ለቅድመ ዝግጅት የመጡ ሁለት ካድሬዎች ቆመው ወደኛ ያያሉ።

"ማናት?" አለ ጥበቃው።

"ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት ናት" አልኩ።

የምሥራች ሰማች። ፊቷ አልተለወጠም። ልጁን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችና "እሺ እመቤቴ። ጎመኑን ሌላ ቀን አመጣለሁ" አለች። ዞራ ሄደች። ልጁ በትከሻዋ ላይ ወደኔ እያየ ሄደ። ዓይኑ የሙሴ ነው።

ካድሬዎቹ ሲገቡ ዳቦና አይብ ጠቅልዬ ሮጥኩ። መኪና ማቆሚያው ጋ የለችም። ገበያውም ዞርኩ። የሰፈር ሰው አሳድሯት ይሆናል። ሸምሱ ቤት አድራ ይሆናል፤ ሚስቱ ካሰች ደግ ሴት ናት።

ራቱ ይለፍ እንጂ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። የሚቀረው አሥር ቀን ነው።


ኅዳር 12

ወሰንኩ። በራቱ ቀን የአውራጃው ተጠሪ ራሱ ይገኛል። ሙሴን ያሳሰረውም የሚፈታውም እሱ ነው ይላሉ። ሰው ጥሩ በልቶ ሲጨርስ ልቡ ለስላሳ ነው፤ ይህን በጅማ ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ሰባተኛው ተራ ላይ ብዙ ጊዜ ወጥ ሠሪዋን ይጠራሉ። ያኔ እናገራለሁ። ቃሉንም አጥንቻለሁ፦ "ጓድ፣ ሚዛን የታሰረው ሙሴ ወንድሜ ነው። ታሟል። እባክዎን።"

ስለዚህ ከዚህ ወዲያ የምሠራው ለልዑካኑ አይደለም። ለሙሴ ነው። እያንዳንዱ ሳህን ለሙሴ ነው።


ኅዳር 17

ማሩ ደረሰ! ዓሣውም ጠዋት መጣ። ጥጃው ታርዷል። እንጉዳዩን የሎሚ አክስት ከጫካ አመጣችው፤ አንድ በአንድ አየሁት። ፓስታው በገመድ ላይ ተሰቅሏል። እጄን ቆርጫለሁ፣ ቀላል ነው። ቃሉን አልረሳሁም።


ኅዳር 19፣ እሑድ

አለፈ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ ሳልጽፈው ከቆየሁ አሳምሬ ለራሴ እንደማወራው አውቃለሁ።

አሥራ ስድስት ሰው ተቀመጠ። ነጩን ጨርቅ በፍም ካውያ ተኩሼ ነበር፤ በመሃሉ ሎሚ የቡና ቅርንጫፍ ከነቀይ ፍሬው አጋድማበታለች። ጄነሬተሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገረም።

ሾርባው ገባ። ሎሚ ባዶ ሳህኖቹን ይዛ ተመለሰች፤ በዳቦ ጠርገውታል። ዓሣው ገባ። አጥንቱ ብቻ ተመለሰ። ፓስታው ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ አንዱ ልዑክ በአስተርጓሚ እዚህ ጫካ ውስጥ ይህን ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። አናናሱ ሲገባ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማዳም እንዲህ ያለ ጊዜ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ ታይና እጄን ቆንጠጥ ታደርገኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ በሕይወቴ እንደ ትናንቱ ሠርቼ አላውቅም። ይህንን ካልጻፍኩ ውሸታም ነኝ።

ሥጋውን ይዛ የገባችው ሎሚ ስትመለስ ትሪውን አስቀመጠችና እኔን ሳታይ ተናገረች።

"ተጠሪው ለጓድ ባየ ምን እንዳለ ልንገርሽ? ሚዛን ያሉትን እስረኞች ማክሰኞ ወደ ጅማ እናነሣቸዋለን አለ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ እኛም አናውቅም አለ።"

ለምን እንደነገረችኝ አልጠየቅኳትም። ክሬሞቹን ከቆርቆሮ ወደ ሳህን እየገለበጥኩ ነበር። አንዱ ተሰነጠቀ። በማር ሸፈንኩት።

ከዚያ ጠሩኝ። ሽርጤን ፈትቼ ገባሁ። ሁሉም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ፈረንጆቹ እጄን ጨበጡ። አንዲቱ ሴት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አስተርጓሚው የእናቷን ቤት አስታወስሻት አለኝ። የአውራጃው ተጠሪ ፊቱ በደስታ አብርቷል። ክፉ ሰው አይመስልም። የኔን ታናሽ የሚያክል ሰው ነው።

"ጓድ ውድነሽ፣ ዛሬ አኩርተሽናል። በይ ጠይቂ፤ ምን ይጎድልሻል? በእንግዶቻችን ፊት ቃል እገባለሁ።"

ሙሴን ልል አፌን ከፈትኩ። ጓድ ባየ ማንኪያውን ይዞ ያየኛል። ሎሚ በሩ ላይ ቆማለች። አሥራ ስድስት ሰው ይጠብቃል።

"የፎርኖው በር አይገጥምም" አልኩ።

ተሳሳቁ። አስተርጓሚው ሲነግራቸው ፈረንጆቹም ሳቁ፤ ደግመው አጨበጨቡ። ተጠሪው ጠረጴዛውን መታ አድርጎ "አዲስ ፎርኖ! ከአዲስ አበባ!" አለ። አመሰግናለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ብዬም ወጣሁ።

ሎሚ ሳህን እያጠበች "ነገርሻቸው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

ቀጣዩን ሳህን ውኃ ውስጥ ነከረችው።

የሰው ብዛት ነው። ብቻውን ቢሆን እነግረው ነበር። እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት ደግሞ ሰውየውን ማሳፈር ይሆናል፤ ያፈረ ሰው ይጨክናል። ይህ እውነት ነው። ግን እዚያ ቆሜ ሳለሁ ይህን አላሰብኩም። ምንም አላሰብኩም። ፈራሁ።


ኅዳር 20

ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። ጓድ ባየ የፎርኖውን መጠየቂያ እየጻፈ ነበር።

"ሙሴ ወንድሜ ነው" አልኩት፤ ቆሜ። "የእናቴ ልጅ ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ወጥ ቤት መጥቼ ስጠይቅሽም አውቅ ነበር። ወንድሜ ነው ብትይኝ ከራቱ በፊት ተጠሪውን ላነጋግረው አስቤ ነበር፤ የልማቱ ሠራተኛ ወንድም ነው ብዬ። የሰፈር ልጅ ነው አልሽ። ለሰፈር ልጅ ብዬ እንዴት ራሴን ላጋልጥ?" መስኮቱን አየ። "ቅዳሜ ማታም ሲጠይቅሽ አሁን ትናገራለች ብዬ ላብ አጥምቆኝ ነበር።"

"ይፈታልኝ ነበር?"

"እኔ እንጃ ውድነሽ። ደስ ብሎት ነበር። ብቻ እኔ እንጃ።"

እውነቱን ይሁን፣ ወይስ እሱም ራሱን ለማጽናናት ይሁን አላወቅኩም። የእረፍት ወረቀት ጻፈልኝ፤ እጁ ፈጠን ፈጠን ይል ነበር። ማተም ሲጨርስ "ይህን ጉዳይ ከኔ ጋር አልተነጋገርሽም" አለኝ።

ሸምሱ ነገ ማለዳ ይነሣል።


ኅዳር 22፣ ሚዛን ተፈሪ

መኪናው ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀበረ። ትናንት ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ዋልን። ስንደርስ እስረኞቹን የጫነው መኪና ከሄደ ቆይቷል አሉን።

ሙሴ ግን አልሄደም። መቆም ስላልቻለ ጥለውት ሄደዋል።

ይህን ዛሬ ጠዋት የነገረኝ የበሩ ኃላፊ ነው። መዝገቡን ገልጦ "ለታመሙት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ተያዥ ሆኖ ከመጣ ይውጡ ተብሎ ነበር። ለሚስቱ ነግረናታል፤ ቴፒ እህት አለችው ብላ ሄዳ ነበር። ብቻዋን ተመለሰች" አለ።

ለካ ያን ቀን የመጣችው ለዚህ ነበር። ቃል እንኳ አላስተነፈስኳትም። ያላነበብኩት ደብዳቤም ይህንኑ ይል ይሆናል።

የሥራ መታወቂያዬን አወጣሁ። የተያዥነቱ ወረቀት ላይ "ዝምድና" ከሚለው ፊት ለፊት "እህት" ብዬ ጻፍኩ። ቢጠፋ በእሱ ቦታ እንደምታሰር፣ ስብሰባ ላይ ከተገኘ እንደምጠየቅ ተነበበልኝ። ፈረምኩ። ኮፒው ወደ መሥሪያ ቤትሽ ይላካል አለኝ። ይላክ አልኩ።

ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡት። አንድ ጊዜ አየሁትና ሌላ ሰው አመጡልኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ "እትዬ" አለ።


ኅዳር 25

ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። መርፌ በየቀኑ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የምሥራች አልጋውን ለሱ ለቃ እኛ መሬት ላይ እንተኛለን። ታናግረኛለች፣ ቡናም ትሰጠኛለች። ግን "እርስዎ" ትለኛለች። ዛሬ "የምሥራች፣ ያን ቀን" ብዬ ጀመርኩ። "ውኃው ፈልቷል፣ ያንሡልኝ" አለች። አነሣሁ።

ሾርባ በማንኪያ አጎረስኩት። አራት ማንኪያ ዋጠ።


ታኅሣሥ 4

ዛሬ ትንሽ ተጫወተ። "ሸምሱ ትልቅ ድግስ ሠራሽ አለኝ። እስቲ ምን ምን በሉ?"

ነገርኩት። ሾርባውን፣ ዓሣውን፣ ጭቃ የለጠፍኩበትን ፎርኖ፣ ዝም ያሉበትን አናናስ። ጎደሬውን ፈረንጆቹ ደግመው ጠየቁ ስለው ሳቀና ሳል ያዘው። የምሥራችም ልጇን እያጠባች ስትሰማ ነበር።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጠርተው አጨበጨቡልኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አለቀ።"


ታኅሣሥ 11

በሸምሱ እጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጓድ ባየ ፈርሞበታል። ከእንግዳ ማረፊያው ተነሥቼ ወደ ቡና ለቃሚዎች ማዕድ ቤት ተዛውሬያለሁ፤ የተቀቀለ በቆሎና ባቄላ ለአራት መቶ ሰው። ምክንያት አልተጻፈም። ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ቅር አላለኝም ልል ነበር። ቅር ብሎኛል። ያንን ጠረጴዛ ዳግመኛ አላነጥፈውም።


ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ሳልነግረው መሄድ አልቻልኩም። የምሥራች እያለች ነገርኩት። ለጥበቃው ምን እንዳልኩ፣ ለጓድ ባየ ምን እንዳልኩ፣ ተጠሪው ጠይቂ ሲለኝ ምን እንደጠየቅኩ። ምንም አላስቀረሁም። "ከማጠቢያው ምረቃ አስቀድሜ ብናገር ኖሮ" ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

ሙሴ ወደኔ ዞረ። "እኔንም የያዙኝ ቀን ጠይቀውኝ ነበር" አለ። "መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዘመድ አለህ ወይ ብለው። የለኝም አልኳቸው። እህትም ወንድምም የለኝም አልኩ። እንጀራሽ እንዳይነካ ብዬ ነው። ቢመቱኝም የለኝም አልኩ።"

የኔ ሌላ ነው፣ እኔ ያልኩት ላንተ ብዬ አይደለም፣ ልለው ፈለግኩ። የሚያውቅ ይመስለኛል። እጄን ያዘኝ።

የምሥራች ተነሣች። ስንቅ ስትቋጥር ቆየችና "እትዬ፣ ቆሎ አድርጌልሻለሁ፤ መንገድ ላይ ትበያለሽ" አለችኝ።

ሸምሱ ጥሩምባ ነፋ። ሙሴ ካልሸኘሁሽ አለ። ከለከልነው፤ እንቢ አለ። በኔና በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ እስከ መንገዱ ወጣ። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ማዶ ቆሟል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎችም ያልፋሉ። ሁሉም እያዩ ሙሴ አንገቴን አቅፎ ግራ ቀኝ ሳመኝ።

ጥበቃው "ማናት?" አለ።

"እህቱ ነኝ" አልኩት፤ ለመመለስ የቀደምኩት እኔ ነኝ።